በሯ የታሸገባት እናት

ቀን፦ ማርች 11 ቀን 2019

ለሎማ አልታ ማዘጋጃ ቤት የእርሻ ተረፈ ምርት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሎማ አልታ፣ ካውካ፣ ኮሎምቢያ

አመልካች፦ ኖራልባ ካራባሊ፣ የኤል ጉዋዱዋል መንደር ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የታሸገው የጥንስስ ቤት ተከፍቶ እርሾው እንዲመገብ፣ በአቶ ኤቨሊዮ ባላንታ ስም የተደረገውም ምዝገባ እንደገና እንዲታይ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. የተወለድኩት ካሳቫ ፍቀው ስታርች ከሚያወጡ ሰዎች ነው። የሚቀረውን አሰር ድሮ ወንዝ ውስጥ እንጥለው ነበር፤ ወንዙም ይገማ ነበር። በኋላ ሟቹ ባለቤቴ ሴሌስቲኖና አቶ ኤቨሊዮ አሰሩን ቀቅለው፣ አቀዝቅዘው፣ ከከረመ ኮምጣጣ ውሃ ጋር እየጠነሰሱ ላክቲክ አሲድ ማውጣት ጀመሩ። አሲዱን ቆዳ ፋብሪካዎች ይገዙልናል፤ መንደሩ የሚተዳደረው በዚህ ነው።

2. ያን ኮምጣጣ ውሃ «እናት» እንላታለን። ሥራውን የሚሠሩት በውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከየጥንስሱ ጥቂት እየተቀነሰ ለሚቀጥለው እየተቀመጠ፣ ስታርች ያኮመጥጡባት ከነበሩት ከሴሌስቲኖ አያት ጀምሮ እስከ ዛሬ ደርሳለች። በእኛ ዘንድ ሁለት ነገር ነውር ነው፦ እናትን ለለመነ መከልከልና «የእኔ ናት» ማለት። እንዲህ ያለ ሰው ጥንስሱ ይበላሻል ይባላል። የተማሩት ልጆቻችን ይስቁብናል፤ እነሱም ግን ሲጠየቁ «የእኔ ናት» አይሉም።

3. አቶ ኤቨሊዮ ልጄን ክርስትና ያነሱ አበልጄ ናቸው። የባለቤቴን ሬሳ ተሸክመዋል። ከተማ ዳር የራሳቸውን ፋብሪካ ሲከፍቱ እናትን በባልዲ ቀድቼ፣ ሳንኮቾ ሾርባ አብልቼ፣ መርቄ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ።

4. ባለፈው ወር የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ አበልጄን አስከትሎ መጣ። «ይህ እርሾ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ልማዳችን «የማንም አይደለችም» አልኩት። ወደ እሳቸው ዞሮ ያንኑ ጠየቃቸው። መሬት መሬት እያዩ «የእኔ ናት» አሉ። ተቆጣጣሪው ልማዳችንን አያውቅምና አልወቅሰውም። እሳቸው ግን ያውቃሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ምነው ዝም እንኳ ባሉ! በዚያች ቃል እርሾው በስማቸው ተመዘገበ፤ እኔም ያለ ፈቃድ ስጠቀም ተገኘሁ ተብሎ በሩ ታሸገ።

ክቡር ኃላፊ፣ ተከድቻለሁ። ሌባ ቢሆን በሬን ባለመቆለፌ ራሴን እወቅስ ነበር። ይህን ያደረጉት ግን በሬን ከፍቼ ያስገባኋቸው ሰው ናቸው። ልጄ ልታገባ ነው፤ ክርስትና አባቴን ልጥራ ወይስ ልተው እያለች ትጠይቀኛለች። አሁንም እሳቸውን «አንቱ» እያልኩ የምጽፈው አፌ ስለለመደ ነው።

5. እናት ዕቃ አይደለችም፤ ትበላለች። አዲስ አሰር ካላገኘች ትራባለች፤ ኖራ ካልተጨመረላት ደግሞ የገዛ ኮምጣጣነቷ ይገድላታል። በበሩ ስንጥቅ አሸታታለሁ። እስከ ትናንት አለች፤ ሽታዋ ግን እየከረረ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማኅተሙ እንዲነሳና እንድመግባት እለምናለሁ። ምዝገባው ከዚያ በኋላ ይታይ። ሁለታችንንም በመንደሩ ሰው ፊት አቁማችሁ «የማን ናት?» ብላችሁ ድገሙልን። የእኔ መልስ አይለወጥም። የእሳቸውን እንስማ።

6. አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። በአበልጄ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ያልቀዘቀዘ አሰር ደፍተውባት እዚያ ያለችው እናት ሞታለች። ባለፈው እሑድ ባዶ ባልዲ ይዘው ደጄ ቆሙ። «አበልጄ፣ አንድ ባልዲ ብቻ። እምቢ እንደማይባል ያውቃሉ» አሉኝ። እውነት ነው፤ እምቢ አይባልም። እኔም አላልኩም። በሩ ድረስ ወስጄ ማኅተሙን አሳየኋቸው። በማን አመልካችነት እንደታሸገ የሚለውን አነበቡት፤ የገዛ ስማቸው ነው። ባልዲውን እዚያው ትተው ሄዱ።

ባልዲው ዛሬም ደጃፉ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት እናት በሕይወት ካለች፣ መጀመሪያ የምሞላው እሱን ነው።

መልስዎን እዚያው በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ኖራልባ ካራባሊ
(ፊርማ)