ከዜሮ ቆሻሻው ግቢ አጥር በታች

ለጭላሎ ግርጌ ዩኒቨርሲቲ የአረንጓዴ ግቢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
አሰላ

እጅግ የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና በየመንገዱ ዳር ኖራ የተቀቡት ድንጋዮችዎ በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ ከአጥርዎ በታች ያለን ጎረቤቶችዎ፣ ነፋሱ ከእናንተ ወደ እኛ ካልነፈሰ በቀር ደህና ነን። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ጡረታዬን የምትደጉም ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረችኝ።

አንደኛ፣ ግቢዎ «ዜሮ ቆሻሻ» ተብሎ ዋንጫ በመሸለሙ እንኳን ደስ ያለዎ። ሠራተኞችዎ የካፌውን ፌስታልና የየስብሰባውን የውሃ ፕላስቲክ ለቅመው፣ በጀርባው አጥር ላይ ወደ እኛ ግጦሽ ሲወረውሩት ግቢው በእርግጥም ይጸዳል። አቤት ልል ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤትዎን የሚመለከተው «ግቢ» ብቻ እንደሆነ፣ ከአጥር ውጭ ያለው ደግሞ ግቢ ስላልሆነ እንደማይመለከተው በትሕትና አስረድተውኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ሳስተምር ነፋስና ጎርፍ አጥር ሲያዩ እንደሚቆሙ አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ከዲጃ ግን ትምህርቱ አልገባቸውም፤ እኛስ የማን ግቢ ነን ይላሉ።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎችዎ እስከ ዲክሲስና ጎበሳ ድረስ እየሄዱ ገበሬው ፌስታል እንዳይጥል እንደሚያሠለጥኑ ሰምቻለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ሦስተኛዋ ራሷ ቡሬ ናት። በክረምቱ ማመንዠክ አቆመች፣ ሆዷ ተነፋ፣ የእንስሳት ሐኪሙም ሳይደርስላት ቀረ። ሆዷ ሲከፈት እንደ ድንጋይ የጠጠረ የፌስታል ጥቅል ወጣ፤ ከመካከሉም «ምድራችንን እንጠብቅ» የሚል የዐውደ ጥናታችሁ ባጅ ተገኘ። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያልቅ አይፍረዱብኝ። ተቆጥቻለሁ፤ አልቅሻለሁም። ሰው ለላም ያለቅሳል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ በደንብ አድርጎ ያለቅሳል። «ዘላቂነት» የምትሉትም ነገር የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ ላሜ አለፈች፣ ፌስታላችሁ ግን እንኳን ሊበሰብስ ቀለሙንም አልለቀቀም።

አሁን ደግሞ የወይዘሮ ከዲጃ ላም ሆዷ ይነፋ ጀምሯል። ልጆቻቸው የሚማሩት በእርሷ ወተት ነው፤ ወተቱንም የሚጠጡት የእርስዎው መምህራን ናቸው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህችኛይቱም ሳትሞት በአጥር ላይ መወርወሩ ይቁም፣ የተጣለውም ይነሣልን። ካሣ አልጠየቅሁም፣ ዋንጫዎንም አልተመኘሁም።

ግቢዎ እንዳማረበት፣ አጥርዎም ዐይንዎን ከእኛ እንደጋረደልዎ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከግጦሹ መካከል ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

እንደሻው የኋላሸት
ቀድሞ ላም የነበረው ጎረቤትዎ

ሳልረሳው፦ ከቡሬ ሆድ የወጣውን ንብረትዎን በኬሻ አድርጌ ላስረክብ ዋናው በር ድረስ መጥቼ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛዎ ኬሻውን በሚገባ ፈትሸው፣ ፕላስቲክ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ነግረው መለሱኝ። ደንብ አክባሪ ሰው ስለሆንሁ አልተከራከርሁም፤ ዞሬ ሄጄ በመጣበት መንገድ፣ በጀርባው አጥር ላይ ወርውሬዋለሁ። አሁን ግቢ ውስጥ ነው።