የወይዘሪት ቺዙሩ ኩሬባያሺ የሕይወት ታሪክ፦ ዜማቸው ታውቆ ስማቸው ያልታወቀው

ወይዘሪት ቺዙሩ ኩሬባያሺ ከመርከብ በያጁ አባታቸው ከአቶ ታትሱዞና አኩሪ አተር አርግተው ቶፉ ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው ከወይዘሮ ፉሚኤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1957 በኦኖሚቺ ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ካትሱሂሮ ነኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ ስላጣሁ ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ፒያኖ የለመዱት በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ቤታችን እንኳን ፒያኖ ሊገባበት እኛም የምንገባው በጎን ነበር። በ1979 ኦሳካ ከሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመረቁ። አራት ዓመት ልጆች ካስተማሩ በኋላ በ1983 አንድ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ቀጠራቸው።

የዚያ ዘመን ማሽን በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ አያወጣም። በዚያችው ሦስት ድምፅ፣ ተጫዋቹ መቶ ጊዜ ቢሰማው የማይሰለቸው ዜማ ማውጣት ነበረባቸው። አወጡም፤ የአገሩ ልጅ ሁሉ አንጎራጎረው። ነገር ግን ተፎካካሪ ድርጅት ባለሙያ እንዳይነጥቅ ሲባል በጨዋታው መጨረሻ የሚጻፈው የቅጽል ስም ብቻ ነበር። አለቃቸው "እናትሽ ምንድን ነው የምትሸጠው?" ብሎ ጠየቃቸው፤ በዚያው ቶፉ ሆነው ቀሩ።

እናታችን የልጃቸውን ስም ለማየት ጓጉተው ነበር። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ለማድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። እናታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው "ሙዚቃ፦ ቶፉ" የሚለውን አነበቡና "ሠላሳ ዓመት ቶፉ የሸጥኩት ልጄን ቶፉ ለማሰኘት ነው እንዴ?" አሉ። እህቴ ሳቁ፤ በሚቀጥለው ስሜን አስጽፋለሁ ብለውም ቃል ገቡላቸው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ለአርባ አንድ ጨዋታዎች ዜማ ደረሱ። በየጊዜው ጠየቁ፤ በየጊዜው "ለሚቀጥለው" ተባሉ። እናታችን በ1994 ስሙን ሳያዩ አረፉ። እህቴ ትዳር አልያዙም፤ ሥራው ፋታ አልሰጣቸውም። ጆሯቸው መጮህ ሲጀምር በ2009 ሥራ ለቀቁ። በ2016 አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ዜማዎቻቸውን ሲጫወት እንደማንም ሰው ቲኬት ገዝተው ከኋላ ተቀመጡ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የተጻፈው ያው ቶፉ ነበር። "ደከመኝ ካትሱ፣ ወደ ቤት እንሂድ" አሉኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

በቆሽት ካንሰር ለሰባት ወራት ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ሰኔ 2 ቀን 2023 ከዚህ ዓለም ተለዩ። እኔና ባለቤቴ ሙትሱኮ ቀርተናል።

ትናንት የቤተ መቅደሱ መነኩሴ እንደ ልማዳችን ለሟች የሚሰጠውን አዲስ ስም በመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ ሊጽፉ ብሩሻቸውን አነሱ። ተዉት አልኳቸው። "አዲስ ስም ካልያዙ እዚያ ማን ብለው ይቀበሏቸዋል?" አሉኝ።

"እናታችን እዚያ ናት" አልኳቸው፤ "የምትፈልገው ቺዙሩን ነው።"

መነኩሴው ብሩሻቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ከዚያም በሰሌዳው ላይ ቺዙሩ ኩሬባያሺ ብለው ጻፉ።

እህቴ፣ መንገድሽ ቀና ይሁን። ደክመሻልና እረፊ።