ሁለቱ ወረንጦዎች

አርብ፣ ግንቦት 16 ቀን 1988 ዓ.ም.
ቦሌ

ውድ ሐሩን፣

ይህን የምጽፍልህ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አለም ወደ ቤቷ ስትሄድ ሃያ ሁለት ላይ ወርዳ ያለህበት ጓደኛህ ቤት ታደርስልኛለች። እኔ ራሴ እንደማልችል ታውቃለህ። ወንድሜ ገብረሰንበት ዛሬም መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል፤ እየቀለደ ይጭነኛል፣ እየቀለደ ቤት ያስገባኛል። አንተ ክርስትና ለመነሳት እሺ ካልክ ወዲህ አባዬ እንደ ድሮው ያወራኛል፤ ጠባቂዬ ግን አልተነሳልኝም።

የምትጠመቅበት እሁድ ሳይደርስ የምነግርህ ነገር አለ። አስቀድሜ ግን ቡልቡላ ላይ ባዶውን የከረመብንን ወጥመድ ላስታውስህ።

ከእርሻው ዳር ሁለት ወጥመድ ሰቅለን ነበር፤ አንዱ ተምችን ለሚወልደው የእሳት እራት፣ ሌላው ለቅርብ ዘመዱ። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ እኔ በአጉሊ መነጽር ካላየኋቸው አልለያቸውም። እነሱ ግን አይሳሳቱም። ሴቷ በጨለማ ሽታዋን ትለቃለች፤ ወንዱ ያን ተከትሎ ከሩቅ ይመጣል። የሁለቱ ሴቶች ሽታ የተሠራው ከሞላ ጎደል ከተመሳሳይ ቅመም ነው። ልኩ ይለያያል፤ ደግሞም በአንዷ ውስጥ ያለች አንዲት ቅመም በሌላዋ ውስጥ የለችም። ያቺ ቅመም ጥቂት እንኳ ከገባችባት የገዛ ወንዷ ደጃፏ ደርሶ ይመለሳል። ዘመዳሞቹ ሳይዳቀሉ ጎን ለጎን የሚኖሩት በዚህ ነው።

ሽታውን የያዘውን ላስቲክ የምንነካበት ወረንጦም ለዚህ ነበር ሁለት የሆነው። ነጭ ክር ያሰርንበት ለተምቹ፣ ቀይ ክር ያሰርንበት ለዘመዱ። አንተ ባለ ነጭ ክሩን ጭቃ ውስጥ ጥለህ፣ ሳትነግረኝ ሁለቱንም በባለ ቀይ ክሩ ሰካህ። ከዚያ በኋላ የተምቹ ወጥመድ በየጠዋቱ ባዶ ሆነ። ገበሬዎቹ ተምች ይመጣ እንደሆነ ይጠይቁናል፤ እኛ መልስ የለንም። አንተ ወጥመዱን ገልብጠህ አየህና፣ "ወንዶቹ ረቡዕና አርብ ይጾማሉ መሰለኝ" አልከኝ።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አልኩህ።

"እንግዲያው ረመዳን ነው።"

ጭቃው ላይ ቆመን ሳቅን። በሳቁ መሃል ስለ ወረንጦው ተናገርክ፤ ላስቲኮቹን ቀየርን፤ ወንዶቹ መጡ። ካንተ ጋር መኖር እንደምፈልግ ያወቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ አብረን የበላነው በያይነቱ ብቻ ነው። እናንተ ያረዳችሁትን እኔ አልበላም፣ እኛ ያረድነውን አንተ አትበላም። ሽሮና ምስር ግን ቢላዋ አይነካቸውም። አስተናጋጁ ፍስኩ ገብቶ እንኳ ጾም የማንፈታ መስለነው ሲገረም፣ "የእኛ ሃይማኖት ምስር ነው" ትለው ነበር።

ነገሩ ቤት ሲሰማ አባዬ የመለሰልኝ በራሴው ወሬ ነው። እራት ላይ ስለ ሥራዬ ያወራሁትን ሁሉ ይዞት ኖሯል። "የእሳት እራት እንኳ የራሱን ያውቃል ትይን አልነበር?" አለኝ። እኔና ሐሩን ሁለት ዓይነት ፍጥረት አይደለንም፣ ሰው አንድ ነው አልኩት። አልተቆጣም።

"አውቃለሁ" አለ። "የሰው አፍንጫ አይለይም። እኛ መጠበቅ ያለብንም ለዚህ ነው።"

ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ አንተ እጠመቃለሁ አልክ። አባዬ የአያቴን ስም፣ ኃይለኪሮስን፣ መረጠልህ። "ትንሽ ይረዝማል፤ ግን እለምደዋለሁ" ስትለው ሲስቅ አየሁት። እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ውስጥ የሚቆረቁረኝ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ግን ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ እናትህ ሲመጡ ነው።

ዘበኛው ጠርቶኝ ስወጣ እማማ ፈሂማ ሰሃን በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። "ደህና ነሽ ልጄ? ከሳሽ እኮ" አሉኝ። አፍረህ ከቤት ከወጣህ ወዲህ እንዳላዩህ፣ የት እንዳለህም እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ ሰሃኑን አስያዙኝ።

"ወንድሙ ኻሊድ በግ አርዶ ነበር" አሉ። "ከእሁድ በኋላ እኛ ያረድነውን አይበላም አይደል? እስከዚያ ይብላልኝ ብዬ ነው።"

ልጄን አትውሰጂብኝ አላሉኝም። ቢሉኝ እከራከራቸው ነበር። "አብሽሪ" ብለውኝ ወደ ታክሲው ሄዱ።

ሐሩን፣ ወንዱ ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ሴቷን ብሎ ነው፤ የሚያገኘው ላስቲክ ነው። ላስቲኩም ቢሆን እዚያው እንደተሰካ ነው የሚኖረው። አባዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰቀለው ወጥመድ ግን የእኔን ሽታ ይዟል። ከእሁድ በኋላ እኛ ቤት ኃይለኪሮስ ተብለህ ስትቀመጥ የአክስቶቼ ዓይን ሐሩንን ይፈልግብሃል። እናትህ ቤት ስትሄድ ሽሮ ለብቻህ ይቀርብልሃል። እኔ ሃይማኖቴን ልለውጥ ብል ደግሞ ሰሃን ቋጥሮ በር ላይ የሚቆመው የእኔ አባት ነው።

ስለዚህ እሁድ አትምጣ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአባዬ ጎን እቆማለሁ። እሱ አዲስ ጋቢውን ለብሶ በሩን በሩን ያያል። እንደማትመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወደ ቤትም የምመለሰው ከእሱ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም ያልከኝ ጊዜ ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ። ደግመህ የምትጠይቀኝ ከሆነ ግን እናትህ ባወጡልህ ስም ሆነህ ጠይቀኝ።

ሰሃኑን ከአለም ተቀበል። ጓደኛህ ቤት አትብላው፤ እናትህ ጋ ይዘኸው ሂድና አብራችሁ ብሉ። ጎድሎ ካገኙት የበላሁት እኔ መሆኔን ንገራቸው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አርብም ጾም አይደለም፤ የማልበላበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። በሩን ዘግቼ አንድ ጉርሻ ጎረስኩ።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ የቅቤው ሽታ ግን አልለቀቀኝም። ገብረሰንበት ጥሩምባ እየነፋ ነው።

ያንተው
ኣርያም