«መጣሁ» ያለኝ ጀልባ ነጂ

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እስከ ዛሬ ሰላምታዬ የሚደርስሽ ከየብስ ነበር፤ ዛሬ ግን ዙሪያዬን ውኃ ከቦኝ፣ ነፋስ እየጮኸብኝ እጅ እነሣሻለሁ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ? የእናታችን ጉልበትስ? ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀመረች? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን። ልቤም ደኅና ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ታስሬአለሁና።

ስትሰሚ እንዳትደነግጪ፤ ያሰረኝ ባሕር ነው። በወደቡ መጋዘኖች ያሉትን ሚዛኖች መርምሬ፣ የተዛባውን አቃንቼ፣ ማኅተሜን አሳርፌ ሥራዬን ሰኞ ጨረስሁ። ሻንጣዬን ስዘጋ የመጋዘኑ ኃላፊ «ጋሼ፣ እዚህ ድረስ መጥተው ደሴቷን ሳያዩማ አይሄዱም! ሰው ከስንት አገር ይመጣላታል» ብሎ ያዘኝ። ሽርሽር የሥራ ፈት በሽታ ነው እያልሁ እንዳሳደግሁሽ አትረሺውም። ሆኖም እሑድ ገና ሩቅ ነበርና አለቃዬን በስልክ አስፈቅጄ፣ ከዕረፍቴ ላይ ቀንሼ፣ ማክሰኞ ማለዳ ተሻገርሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። የጥንት ነጋዴዎች ከባሕር ድንጋይ የሠሯቸው ቤቶች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ የእንጨት በሮቻቸው በአበባ ቅርጽ ተፈልፍለዋል፤ መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ ተላላፊ ሲመጣ ትከሻን አዙሮ ማሳለፍ ግድ ነው። ከደሴቷ አሮጌ ምሽግ ግርጌ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እግሬን ውኃው ውስጥ ነከርሁ። ብታዪኝ ኖሮ በሳቅ ትፈርሺ ነበር።

ጣጣው የመጣው በአንድ ቃል ነው። ያሻገረኝ ጀልባ ነጂ፣ ሁሉም «ካፒቴን» የሚለው ሰው፣ ቀትር ላይ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ተነሣ። መቼ ትመለሳለህ ብዬ ስጠይቀው እጁን እያውለበለበ «መጣሁ!» አለኝና ሄደ። ሰዋስው ያስተማሩኝ መምህሬ፣ ኀላፊ አንቀጽ የሚናገረው የተፈጸመን ድርጊት ነው ብለውኛል። ይህ ሰው ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ እየራቀ መጣሁ ይላል! ማምሻውን ነፋሱ ተነሣ፤ የስልኩን ምሰሶ ጣለው፤ ማዕበሉም መተላለፊያውን ዘጋው።

ለማየት ብቻ ጎንበስ ብዬ የገባሁበት የምሽጉ እስር ክፍል መኝታዬ ሆነ። ጣሪያው የማያፈስ ሌላ ክፍል ስለሌለ የምሽጉ ጠባቂ ፍራሽ አነጠፈልኝ፤ ወሯ የገባው ሚስቱም ከሌላቸው ላይ ታጎርሰኛለች። መስኮቷ ከሚዛን ሳህን አትሰፋም። በእርሷ በኩል ወደ አንቺ የሚያደርሰኝ የብስ ይታየኛል፤ የመኪኖቹን መብራት ሳይቀር እለያለሁ። በሩ አይቆለፍም፤ ብወጣም የምሄድበት የለኝምና ተመልሼ እገባለሁ። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ የገዛ ኮቴዬ አሰለቸኝ።

ከባሕሩ ይልቅ ያሰረኝ ግን የገዛ አፌ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ አንቺን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ በአባታችን ቦታ ቆሜ የምመልስላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው በሰው ሁሉ ፊት «እሑድ ከቤት ካልተገኘሁ እንቢ እንዳልሁ ይቆጠር» ብያለሁ፤ ስለ ልጁ ልቤ አልቆረጠም ነበርና። የጭነት መኪና ነጂነቱን አልናቅሁም፤ የጠላሁት ያንኑ ቃል ነው። ሲደወልለት «መጣሁ» ይላል፤ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። «አቶ መጣሁ» ብዬ ስም ባወጣሁለት ጊዜ እንዴት እንዳኮረፍሽኝ አልዘነጋሁም። አሁን እኔ ሳልወስን ማዕበሉ በእኔ አፍ እንቢ ሊልብሽ ነው፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ዛሬ ማለዳ ጠባቂው እየጮኸ ጠራኝ። ካፒቴን ደርሷል! ሞተሩን ውኃ ስላፈነው ከወንድሙ ጋር እየቀዘፈ ነው የተሻገረው፤ መዳፉ ተልጧል። እኔም ሳላዝንለት የት ቆየህ ብዬ ተቆጣሁት። በመገረም አየኝና «ጋሼ፣ መጣሁ ብዬዎት አልነበር? ያልኩ ዕለት እኮ መጥቻለሁ፤ የቀረው መንገዱ ነው» አለ። መምህሬም ቢኖሩ የሚመልሱለት አይመስለኝም።

ማዕበሉ ገና ስላልበረደ ሲመለስ ከአንድ ሰው በላይ አልጭንም አለ። የጠባቂው ሚስት ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ባልየው ተራው የማን እንደሆነ ያውቃልና አንገቱን ደፋ። በእርሷ ቦታ ተቀምጬ ብመጣ በምን ዐይኔ አይሻለሁ? ይህን የምጽፈው እርሷን ደግፈው እስኪያወርዷት ነው። ካፒቴን ደብዳቤውን ለሌሊቱ አውቶቡስ ነጂ ይሰጥልኛል፤ ቅዳሜ እጅሽ ይገባል።

ስለዚህ እሑድ ይህን በሽማግሌዎቹ ፊት አስነብቢው። መቅረቴ እንቢታ አይደለም፤ ልጁን ፈቅጃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፦ ከእንግዲህ ያንን ቃል ሲናገር መዳፉ እስኪላጥ ይቅዘፍበት።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደረጃውን ብቻዋን እንዳትሞክረው። ለአክስታችን፣ የጓሮው ቧንቧ ስመለስ ይሠራል በያት። መንትዮቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ዛጎል በኪሴ ይዣለሁ። አቶ መጣሁንም ሰላም በይልኝ፤ ያወጣሁለትን ስም አልሽርም፣ ዛሬ ግን የማዕረግ ነው።

ደግሞም እሑድ በሩን አትዝጊው። መጣሁ።

ታላቅ ወንድምሽ

ከደሴቱ ምሽግ፣ ከእስር ክፍሉ
ዓርብ ማለዳ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን