ከወንበርህ ሳትወርድ ለሄድከው

የልጄ አባት፣ ሁሴንዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለያየን ወዲህ ሁለት ረመዷን ጾመን ፈታን። አላህ ቀብርህን ያብራልህ፣ ማረፊያህን ያስፋልህ። ምርቃቱን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈው ቁጣ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ያቋረጥከውን ወሬ ልጨርስልህ። ህንዶቹ ገና እየመረጡ ሳለ ነው የሞትከው። «ምን ዓይነት ምርጫ ነው ሳምንታት የሚፈጅ?» ስልህ «የሕዝቡን ብዛት አታዪም?» ትለኝ ነበር። ያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ግን እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ፓርቲው ለብቻው የሚበቃውን ወንበር አላገኘም፤ የሌሎችን ደጅ ጠንቶ ነው መንግሥት ያቆመው። ደጅ መጥናቱን ብትሰማ ደስ ይልህ ነበር። እኔ በዕድሜዬ ለህንድ ምርጫ ግድ ኖሮኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ለማን እንደምነግረው ሳጣ ተናደድኩ።

ቤቱ ደህና ነው። ሱቅህን ለአንድ የቢስቲማ ልጅ አከራይቼዋለሁ፤ ጨርቁን አንስቶ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። የጓሮውን አጥር ክረምቱ ጥሎት ልጃችን ኑሩ ከኮምቦልቻ መጥቶ አቆመው፤ ጠሟል፣ ግን ቆሟል። የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ድንኳን ከእኛ ቤት ወጥቷል። እንዴት እንደወጣ ነው ልጽፍልህ የተነሳሁት።

መቼም የደሴ ሰኞ ገበያ «ጠቅላይ» ብሎ የሰየመህ ያለ ነገር አልነበረም። ሌላው ነጋዴ ስለ ኳስ ሲያወራ አንተ አቡጀዲ እየለካህ ስለ ህንድ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ታወራለህ። ይህን በሽታ ያስያዘህ ህንዱ የጂኦግራፊ አስተማሪህ ነው። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለዚያች ሴት ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሰምቶ ይሄዳል፤ በምርጫ ተሸንፋ ቤቷ እንደገባች፣ ጥቂት ቆይቶ ያው ያባረራት ሕዝብ እንደመለሳት። ሁልጊዜ የምትደመድመው በአንድ ቃል ነበር፤ መሪ ማለት መሸነፍ የሚያውቅ ነው ትላለህ።

መንግሥት በተለወጠበት በዚያ ግንቦት፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ ጋቢህን ተከናንበህ ሬዲዮ ፊት ስታለቅስ አገኘሁህ። የእኛው መሪ አገር ጥሎ በወጣ ማግስት ነው። ጎረቤት ለሸሸው የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ ጊዜው እንዲያ ያለ እንባ የሚያስጠይቅበት ነበር። እኔም ላድንህ ብዬ «ለህንዱ ነው የሚያለቅሰው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ የዚያች ሴትዮ ልጅ፣ ተሸንፎ ወንበሩን የለቀቀው፣ እንደገና ምረጡኝ እያለ ሲዞር በቦምብ ተገድሎ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው ህንድ አንድ ብቻ ነው፤ አስተማሪህ። ቅሬው ተሰብስቦ፣ ዳቦና ንፍሮ ይዞ ሊያጽናናህ መጣ። አንተም አላስተባበልክም፤ ቁጭ ብለህ «አላህ ያጽናህ» ተባልክ። መምህሩ በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ቲማቲም ሲመርጥ ታየና እናቴ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች። እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያው ቅሬ፣ ስንታመም የሚጠይቀን፣ ስንሞት የሚቀብረን፣ አንተን አባት አድርጎ ሾመህ። አሿሿሙን ታውቀዋለህ። ሼህ ይመር እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ሁሴንን አበርታልን፣ ዕድሜ ስጥልን» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ «አሚን» ይላል፤ በቃ፣ ተመረጥክ። ዱኣ ላይ አሚን የማይል ማን አለ? የሚጠላህም ይላል። ዓመት በመጣ ቁጥር እንዲሁ። ፀጉርህ ሸበተ፣ ጉልበትህ ከዳህ፣ አንተ ግን የህንዶቹን የድምፅ ቆጠራ በሬዲዮ እየተከታተልክ እዚህ በአሚን ትሾም ነበር። ስነግርህ «ልውረድ ብል ማን እሺ ይለኛል?» ትላለህ። ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

አንድ ጊዜ ሰይድ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከዱኣው በፊት ተነስቶ «አያ ሁሴን፣ አላህ ያቆይዎት፤ ግን እስከ መቼ ነው?» አለህ። በአክብሮት ነው የጠየቀህ። ኩርፊያህ ግን! ሱሪህን ሌላ ሰፊ ዘንድ ወሰድክ፤ አንዱ እግሩ ረዝሞ አንዱ አጥሮ መጣልህ፤ እሱኑ ለብሰህ ጁምዓ ሄድክ። ሰው እየሳቀብህ እንኳ ወደ ሰይድ አልተመለስክም። ስለ ህንድ ተቃዋሚዎች ሌት ተቀን የምታወራው ሰውዬ፣ አንድ ተቃዋሚ ብታገኝ ሱሪህን ቀማኸው።

አልክድህም፤ በጦርነቱ ሰሞን ሰው ሁሉ ሲሸሽ አንተ ቀርተህ የማንም ሬሳ ሜዳ ላይ እንዳያድር መቃብር ቆፍረሃል። ከማን ጋር? ከዚያው ከሰይድ ጋር፣ ሳትነጋገሩ። ለዚህ ነው አሚን የሚሉልኝ ትል ይሆናል። ይሁን። ግን የሚተካህን ሳታዘጋጅ ሄድክ። ባንተው ለቅሶ ላይ፣ በቅሬው አባት ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን አውጡ ብሎ የሚያዝ ጠፍቶ ለቀስተኛው በፀሐይ ተቀመጠ። ያን ቀን እንባዬ ከሐዘኑ ይልቅ የእልህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅሬው ላንተ ክብር ሲባል «ይቆይ፣ ይቆይ» እየተባለ ያለ አባት ከረመ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ኑሩ ላይ ጣሉ፤ የአባቱ ልጅ ነው አሉ። ልጃችን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚውል የሚያድረው። ደሴ ሰው ሲሞት እሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ እስኪደርስ ቀብሩ ያልቃል። ግን ሽማግሌ ሲያሞግሰው ደረቱ ተነፋ። እኮ አንተ ነህ! ያን የህንድ ቤተሰብ፣ አባት፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ የልጅ ልጅ አገር የመሩበትን፣ እንደ ተረት እየነገርክ ነው ያሳደግከው። ሰው ፊት ቆመው ድምፅ መለመናቸውን ግን ለደንበኛ ነበር የምትነግረው፤ ለልጅህ የነገርከው መውረሳቸውን ብቻ ነው።

ስብሰባው ባለፈው ወር እኛው ግቢ ሆነ። በቅሬው መዝገብ ያንተ ስም በኔ ስለተተካ እኔም እንደ አባወራ ተቀመጥኩ። ሼህ ይመር እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ኑሩን» ከማለታቸው ብድግ አልኩ። «ሼህ ይመር፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ዱኣው ከምርጫው በኋላ ይሁንልን» አልኩ። አንዱ «ሐዘን አናውዟታል» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ኑሩ እንደ ባዕድ አየኝ። ሼህ ይመር ግን እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱና «በምን እንምረጥ ታዲያ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ህንድ አገር ማንበብ የማይችለው በሥዕል እንደሚመርጥ፣ እጅ፣ አበባ፣ ብስክሌት እያልክ የነገርከኝ ያኔ መጣልኝ። ጓዳ ገብቼ የባቄላና የሽምብራ ቆሎ አወጣሁ። ባቄላው ለኑሩ፣ ሽምብራው «እስከ መቼ ነው?» ብሎ ለጠየቀህ ለሰይድ። ከየቤቱ አንድ ሰው ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ ይዞ ማሰሮ ወዳስቀመጥኩበት ጓዳ ብቻውን ይገባል፤ የመረጠውን ማሰሮው ውስጥ ይጥላል፤ የቀረውን ይቆረጥማል። ሳቁን ብታይ! ሰይድ ራሱ እየቆረጠመ ወጥቶ «ባቄላው መልካም ነው» ሲል ኑሩ እንኳ ፈገግ አለ። ሼህ ይመር ጥርስ ስለሌላቸው የተረፋቸውን ኪሳቸው ከተቱት፤ ማንን እንደመረጡ የምታውቀው ልብሳቸውን ያጠበችው ምራታቸው ናት።

ማሰሮው ሲገለበጥ መቁጠርም አላስፈለገም፤ ሽምብራው ባቄላውን ዋጠው። ኑሩ እራት ሳይቀምስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። በማግስቱ ሰይድ ሰው ይዞ መጥቶ ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱን፣ ቃሬዛውን አጓጓዘ። ያ ጥግ ጠበበን እያልኩ ስንት ዘመን እንዳልተነጫነጭኩብህ፣ ባዶውን ሳየው አለቀስኩ።

ልጅህ ስልኬን ማንሳት ተወ። በሰው «አባቴን ሸጠችው» ብሎ ላከብኝ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። በቀደም ግን የጎረቤታችን እናት ሞቱ። ኑሩ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቆ መጣ። እኔን ሰላም ሳይል ቀጥታ ሄዶ ሰይድ ፊት ቆመና «ምን ልሥራ?» አለው። ሰይድም አላቀፈው አላሞገሰው፤ ዶማ ሰጠው። ከቀብር መልስ ቤት ሲገባ እጁን አስታጠብኩት። እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር። ያን ማታ እራቱን በላ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለሱ አልነግረውም፤ ካንተ ግን ደብቄ አላውቅም። የዚህ ቤት ድምፅ ሽምብራ ነበር። በገዛ ልጄ ላይ ጣልኩት፤ የተረፈኝ ባቄላ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ በውሃ ነው ያወረድኩት። ተቆጣ እንግዲህ።

እኔ እንደሆነ አልረሳህም፣ ሁሴንዬ። ሰው ደግ ደጉን ብቻ እያነሳ ያስታውስሃል፤ እኔ ከነኩርፊያህ፣ ከነግትርነትህ፣ ነፍሴ እስክትወጣ አስታውስሃለሁ። አንተ ራስህ በሕይወት ኖረህ ለዚያ ማሰሮ ብትቀርብ ኖሮ፣ ያን ቀን አንተን አልመርጥህም ነበር። ማታ ግን እራትህን አቀርብልህ፣ ስታኮርፍ እለማመጥህ ነበር፤ ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሳ ከሹመት የወረድክ፣ ከቤትህ ግን ያልወረድክ ሰው ትሆን ነበር።

የኑሩ እናት፣ ዘሀራህ