የድንበሩ ድንጋይና ባሕሩ

ኤፕሪል 26፣ ማክሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ነፋሱ ጥሩ ነበር፣ ቶሎ ደረቀ። ባሌ ሲሪል ዶሮዎቹን ለቆብኝ ጎመኑን ጨረሱት... ስቆጣው ይስቃል። ይሄ ሰውዬ በሁሉም ነገር ነው የሚስቀው።

ከእራት በኋላ የአኻያ ዱላ ሲልጥ አየሁት። ለካ ዕርገት ደርሷል። መንደርተኛው ድንበሩን ዞሮ ድንጋዮቹን በዱላ የሚመታበት ቀን። የምሥራቁን ድንጋይ የሚመታው ሲሪል ነው፣ ከአባቱ የወረሰው ተራ ነው።

ድንጋዩ ግን አሁን በምን ላይ ነው የቆመው?

ኤፕሪል 28

ሄጄ አየሁት። ምነው ባልሄድኩ! ከታች ከባሕሩ ዳር ሆኜ ቀና አልኩ። የክረምቱ ማዕበል ገደሉን ከሥር በልቶታል። ድንጋዩን የያዘው ሣር ብቻ ነው።

ድንጋዩ ሲሪል ልጅ ሳለ ባቄላ እርሻ መሃል ነበር አሉ። ትምህርት ቤቱን፣ አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን፣ የዳቦ ጋጋሪውን ቤት... ሁሉንም ባሕሩ ወሰደ። የጋጋሪው መንገድ ዛሬም አለ፤ ሄዶ ሄዶ አየር ላይ ያልቃል። የእኛም ቤት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስለዚያ ማሰብ አልፈልግም።

ሜይ 3

ነገርኩት።

"ዘንድሮ የምሥራቁ ይቅር።"

"በጦርነቱ ጊዜ እንኳ አልቀረም።"

"ሲሪል፣ ሥሩ ባዶ ነው!"

"ያንቺን ኬክ በልቼ ካልሄድኩ በቀር ይሸከመኛል።"

ሳቀ። ቤቱን ለቀን እንሂድ ስለውም እንዲሁ ነው የሚስቀው።

ደግሞ ዘንድሮ ተራው የጎረቤቴ የሂልዳ የልጅ ልጅ ነው፣ የትንሿ ፕሩ። ድንበሩን ዕድሜ ልኳን እንዳትረሳ ገልብጠው ጭንቅላቷን በድንጋዩ ነካ ያደርጋሉ። የሚይዛት ሲሪል ነው። ሁለቱም እዚያ ጫፍ ላይ... አምላኬ ሆይ!

ሜይ 8፣ እሑድ

ቄስ ፔምበርተን ሰበኩ። "የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈርስ ርጉም ይሁን።" ሁላችንም አሜን አልን። ሰሞኑን የማስበው እሱኑ ነዋ... ድንጋዩን ማንሳት።

ሜይ 10

ድንጋዩን እናንሳው ብዬ ለሂልዳ ነገርኳት። ትራክተር አላት፣ አፏም ከትራክተሯ አያንስም።

"በሬው እንኳ ገደሉን ያላየው ሣሩን አይቶ ነው። ያንቺው ባል ግን ሣርም የለ፣ ገደሉን እያየ!"

ከዚያ ሰንሰለት ልትፈልግ ተነሳች። ፕሩ ትዝ ብላት መሰለኝ።

"እርግማኑስ?" አልኳት።

"በዚያው መስመር ወደ ኋላ ነው የምንስበው። ከጎረቤት መንደር አንድ ክንድ አንነካም።"

"ታዲያ ከማን ነው የምንወስደው?"

"ከባሕሩ።"

ሲሪል ገበያ የሚሄድበትን ቀን እንጠብቃለን። እንቅልፍ የለኝም።

ሜይ 18

አደረግነው።

ሂልዳ ትራክተሩን ከሩቅ አቆመች፣ ጫፉ አይችለውማ። ሰንሰለቱን ድንጋዩ ላይ የሚጠመጥም ሰው ያስፈልጋል። ቀላሏ እኔ ነኝ። በሆዴ ተሳብኩ። ባሕሩ ገደሉን ሲመታ በደረቴ ይሰማኛል። ጸሎት ጀመርኩ፣ መሃሉ ጠፋኝ።

"ቶሎ በይ እንጂ አንቺ ሴትዮ!" ትላለች ሂልዳ። ድምፅዋ ግን የልቅሶ ነበር።

ድንጋዩን ከሜዳው ማዶ፣ አጥራችን ሥር አቆምነው። ሲሪል ደክሞት ገባ፣ አላየም። ነገ ምን ልለው ነው? ርጉም ይሁን ብዬ በገዛ አፌ አሜን ያልኩ ሴት...

ሜይ 19፣ የዕርገት ዕለት

ቄሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ሲሪል ድንጋዩን አጥራችን ሥር ሲያየው ቀጥ አለ።

"ማነው ያነሳው?"

"እኔ" አልኩ።

"እኛ" አለች ሂልዳ።

ሲሪል ብቻውን ወደ ድሮው ቦታ ገሰገሰ። ጮኽኩ። ሊሰማኝ ነው? ከዚያ ድንገት ቆመ። ድንጋዩ ተነቅሎ የቀረው ጉድጓድ የለም። ጉድጓዱ የነበረበት መሬትም የለም። ሌሊቱን ሄዷል።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ፕሩን ከሂልዳ እጅ ተቀበለና እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ድንጋዩን አስነካት። ልጅቷ ተፍለቀለቀች። ከዚያ በዱላው መታው። ቄሱ "አሜን" አሉ።

ማታ ሻዩ ፊት ለፊቱ ቀዘቀዘ። በመስኮት የጋጋሪውን መንገድ ሲያይ ቆየ።

"ለድንጋዩስ ቦታ ፈለግሽለት" አለኝ። "ለእኛስ?"

አልሳቀም።