ዳገት የሌለው መንገድ

ግራይፍስቫልድ፣ ምሥራቅ ጀርመን
ሰኔ 1978 ዓ.ም.

በድሪያ እህቴ፣ አካም ነሽ? ልጆቹስ ናጋ ናቸው?

ካርዱ ላይ የምታዪው የወንዝ ዳር መንገድ እሑድ እሑድ በብስክሌት የምሄድበት ነው። ዳገት የሚባል ነገር የለውም፤ እስከ ባሕሩ ድረስ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤታችን አጠገብ የሚኖሩ ፍራው ሊንደማን የሚባሉ አሮጊት አብረውኝ ይነዳሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በቀሚሳቸው፣ ዳቦ በቅርጫት ጭነው ሲያልፉ ዞር ብሎ የሚያያቸው ሰው የለም።

ባለፈው እሑድ፣ "ብስክሌት ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"ነገሌ ያለች ጓደኛዬ። ከኔ ይልቅ እሷ ትችልበታለች" አልኳቸው።

"አሁንም ትነዳለች?" ሲሉኝ መንገዱ ዳር ወርጄ አለቀስኩ። እኔና አንቺ በወንድሜ ብስክሌት በክብረ መንግሥት መንገድ ስንነዳ ሰው ያየን ቀን ትዝ አለኝ። የኔ አባት፣ ሴት ልጅ ብስክሌት ነዳች ብሎ ተቆጥቶ ብቻ ተወኝ። ያንቺ አባት ግን ወዲያው ከትምህርት ቤት አስወጥተው፣ ክረምቱ ሳያልቅ ዳሩሽ። ከክፍላችን አንደኛ የምትወጪው አንቺ ነበርሽ፤ እዚህ የመጣሁት ግን እኔ ነኝ።

አሮጊቷ ሁሉንም ሰምተው፣ "ጥሪያትና ትምጣ፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን" አሉኝ። ለሳቸው ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ብስክሌቴን አንስቼ አብረን ተመለስን።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽንና እህትሽን ሸምሳን ሳሚልኝ። ልጆችሽንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አባትሽ ከጠየቁሽ፣ ለርስዎ ሰላምታ አልላከችም በያቸው።

ሮማነወርቅ